ሰንጢዋ ብትሰበር አትጣሏት፤ የተሰበረው ፒኗ ነው

ቢራቢሮ ሰንጢ ምን እንደሆነች ለቲክቶክ ትውልድ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሁለት እጀታ፣ በመሃላቸው አንድ ስለት። አንዱን እጀታ ይዘው አንጓቸውን ሲያወዛውዙ ሌላኛው በአየር ላይ ዞሮ ቀጭ ብሎ ይገጥማል። ካውንተር ስትራይክ የሚጫወቱትማ ከነቀለሟ ያውቋታል።

ቪዲዮው የማያሳየው ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚመጣውን ነው። መጀመሪያ እጀታዋ ትንሽ መላላት ይጀምራል። ቀጥሎ ስትዘጋ ስለቱ መሃል መግባቱን ትቶ የእጀታውን ጎን ይነካል። አንድ ቀን ደግሞ ጠቅ ትልና አንዱ እጀታ ወለሉ ላይ፣ ሌላው እጃችሁ ውስጥ ይቀራል። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ "ቻይና ነው፣ ምን ይጠበቃል" ብሎ ይጥላታል። ግን ስለቱም እጀታውም ደህና ናቸው። የተሰበረው ከክብሪት እንጨት ብዙም የማይወፍር ብረት ነው፤ ፒኑ። እሱን ደግሞ ቤት ውስጥ፣ በግማሽ ሰዓት፣ ከብረታ ብረት ሱቅ በሚገኝ ርካሽ ዕቃ መተካት ይቻላል።

እዚህ ላይ "ሰንጢ ጠግን ብሎ ወጣቱን የሚመክር ጋዜጣ" የሚል ይኖራል። እንግባባ። ቢራቢሮዋን ለመለማመድ የሚፈልግ ሰው ስለት የሌላትን፣ ማበጠሪያ የምትመስለውን የመለማመጃዋን ዓይነት ይያዝ፤ ፒኗ ያው ነው፣ የምትሰበረውም እንደዚያው ነው። ስለት ያላትን ይዞ ታክሲ ውስጥ ወይም ጥምቀት ላይ መገኘት ሞኝነት ነው። እንግሊዝና ጀርመንን የመሳሰሉ አገሮች ጭራሽ ከልክለዋታል። እኔ የማወራው ስለ ፒኑ ነው፤ ምክንያቱም ያው ፒን በእናታችሁ የሽንኩርት ቢላ እጀታ ላይም፣ በመቀስ ላይም፣ ዓሣ አጥማጁ ኪሱ በሚይዛት ታጣፊ ሰንጢ ላይም አለ።

ዓሣ አጥማጅ ካልን ጎርጎራ እንሂድ። ጣና ሰሜን ዳር ላይ፣ ደምቢያ ውስጥ ያለችው ጎርጎራ በቅርቡ ስሟ የሚነሳው በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ነው። ሐይቁ ዳር ግን ኑሮው መረብና ቢላ ነው። ቆረሶ ሲመጣ ይገፈፋል፣ አምባዛ ይሰነጠቃል፣ የተወሳሰበ ገመድ ይቆረጣል። በዚህ ሥራ ላይ ታጣፊ ሰንጢ ኑሮዋ ከባድ ነው። ውሃው መገጣጠሚያው ውስጥ ይገባል፣ የዓሣ ደምና ቅርፊት ፒኑ ዙሪያ ይደርቃል፣ ዝገት ይጀምራል። የዛገ ፒን መጀመሪያ አላንቀሳቅስ ይላል፤ ሰውየው በጉልበት ሲከፍታት ደግሞ ይላላል። ለዓሣ የማይታጠፍ ቢላ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቢራቢሮዋ ደግሞ ለዓሣ ከሁሉም የባሰች ናት፣ እጀታዋ ቦይ ስለሆነ ቆሻሻ ታጠራቅማለች። ግን ሰው ያለውን ነው የሚጠቀመው።

አሁን ወደ ፒኑ። ቢራቢሮ ሰንጢ ላይ ሁለት ዋና ፒኖች አሉ፤ እያንዳንዱ አንዱን እጀታ ከስለቱ ግርጌ ጋር ያያይዛል። እጀታው በተወረወረ ቁጥር ዞሮ ሲመታ ያ ምት መጨረሻ ላይ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። በደንብ በተሠራች ሰንጢ ላይ ምቱን የሚቀበሉ ትንንሽ ማቆሚያዎች ለብቻ አሉ፣ በስለቱና በእጀታው መካከልም የናስ ሮንደላ ይገባል። በርካሿ ላይ ማቆሚያው ለስላሳ ነው፣ ሮንደላውም ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ ብረት ብረትን ይፈጫል፣ ፒኑ ይበላል፣ ቀዳዳውም ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል ይመስላል።

ጥገናው የሚጀምረው ስለቱን በፕላስተር ደጋግሞ በመጠቅለል ነው። ይህን የዘለለ ሰው ቀሪውን አያንብብ። መነጽርም ያስፈልጋል፤ የፀሐይ መነጽርም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

በብሎን የተገጠመች ከሆነች ሥራው ቀላል ነው። በካቻቢቴ ትፈታላችሁ፣ የተጎዳውን ትቀይራላችሁ፣ ብሎኑ እንዳይላላ ጥርሱ ላይ ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጋችሁ ታስራላችሁ። አዎ፣ የእህታችሁን የጥፍር ቀለም። ሲደርቅ ብሎኑን ይይዘዋል፣ መልሳችሁ ለመፍታት ስትፈልጉ ደግሞ አያስቸግርም።

ችግሩ ፒኗ ተቀጥቅጦ የተዘጋባት ላይ ነው። የአሮጌውን ፒን ራስ በሞረድ እስኪጠፋ ትሞርዱታላችሁ። ከዚያ ጫፉ ጠፍጣፋ ተደርጎ የተቆረጠ፣ ከቀዳዳው ትንሽ የሚቀጥን ሚስማር ይዛችሁ ከላይ ቀስ እያላችሁ መምታት ነው። ከሥር ዳዶ አድርጉ፤ ፒኑ በዳዶው ቀዳዳ በኩል ይወርዳል፣ እጀታው ደግሞ ድጋፍ ያገኛል።

አዲሱ ፒን ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው የሚሞክረው የተሰበረ የድሪል ጫፍ ነው፤ ልኩ ትክክል ስለሆነ። አታድርጉት። የድሪል ብረት የጠነከረ ነው፤ በመዶሻ ሲመታ አይሰፋም፣ ተሰንጥቆ ዓይን ላይ ይበራል። የድሪል ጫፍ የሚጠቅመው ለመለኪያ ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ ሳይንቀጠቀጥ የሚገባውን ፈልጉ፣ በላዩ የተጻፈው ቁጥር የፒናችሁ ውፍረት ነው። ለፒን የሚሆነው ለስላሳ ብረት ነው፣ እሱ ደግሞ በየብየዳ ቤቱ ወድቆ ይገኛል። የብየዳ ኤሌክትሮድ ውስጡ ለስላሳ ሽቦ ነው፤ ውፍረቱ 2.5፣ 3.2 ወይም 4 ሚሊ ሜትር። ላዩ ላይ ያለውን ልባስ በመዶሻ ቀጥቅጣችሁ አራግፉ (አቧራውን አትሳቡ)፣ በብርጭቆ ወረቀት አጥሩ፣ ለቀዳዳችሁ ትንሽ ከወፈረ በሞረድ አቅጥኑት። ባሕር ዳር ያላችሁ ደግሞ፣ ከተማው ብስክሌት በብስክሌት ነው፤ የብስክሌት ቸርኬ ሽቦ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለትንሿ ታጣፊ ሰንጢ ይበቃል።

ፒኑን በሰጌቶ ስትቆርጡ ከእጀታው በሁለቱም በኩል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ይትረፍ። ትርፉ ነው ራስ የሚሆነው። ከበዛ ይጎብጣል፣ ካነሰ አይይዝም።

ሮንደላ ካገኛችሁ አስገቡ። ከዚያ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ከመምታታችሁ በፊት በስለቱና በእጀታው መካከል ቀጭን ወረቀት፣ ለምሳሌ የተፋቀ የሞባይል ካርድ፣ እንደ ሹካ ቆርጣችሁ ፒኑን እንዲያቅፍ አድርጋችሁ አስገቡ። ፒኑ ተመቶ ካለቀ በኋላ ወረቀቱን ስባችሁ ታወጣላችሁ። እሱ የያዘው ቦታ ለእጀታው መዞሪያ የሚሆን ክፍተት ሆኖ ይቀራል። ያለ ወረቀት የመታ ሰው ወይ የማትከፈት ሰንጢ ይሠራል ወይ የምትንገዳገድ።

ምቱ ራሱ ነው የሚከብደው። መዶሻው ትንሽ ይሁን። ከሥር ወፍራም ብረት ያስፈልጋል፤ ሞርሳ ካለ እሱ፣ ከሌለ የአሮጌ ባሌስትራ ቁራጭ። የፒኑን መሃል አትምቱ፣ ዳር ዳሩን እየዞራችሁ፣ እንቁላል እንደምትልጡ ቀስ እያላችሁ ንኩት። አስር ጊዜ ከነካችሁ ገልብጡና በሌላው በኩል እንደዚያው። ብረቱ ቀስ በቀስ ወደ ጎን ይፈሳል፣ እንጉዳይ ራስ ይሆናል። በአንድ ኃይለኛ ምት ለመጨረስ የሞከረ ፒኑን ያጎብጠዋል፣ እንደገና ከሞረዱ ይጀምራል።

ይሄን ምት ብዙ ልጅ ከዩቲዩብ ነው የሚማረው። የሚያስገርመኝም ይሄው ነው፤ ጎንደርና ደምቢያ ይህን ምት ለትውልድ ያውቁት ነበርና። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላ፣ የተሰበረ እጀታ፣ ሁሉም ወደ ቀጥቃጩ ነበር የሚሄደው። በዚህ አካባቢ ከቀጥቃጮቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ወንዶቹ ብረት፣ ሴቶቹ ሸክላ። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ እስከ ዛሬ በዚሁ ነው የምትታወቀው። ገበሬው ማረሻውን ለማሳል ወደ እነሱ ይሄዳል፣ ማታ ደግሞ ልጁን "ከጠይቡ ዓይን ተጠንቀቅ፣ ቡዳ ነው፣ ጅብ ይሆናል" ይለዋል። ያለ እነሱ ማረስ አይችልም፣ አብሯቸው መብላት ግን አይፈልግም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ ግን ከአዋጁ ዕድሜ በላይ ኖረ።

ከዚያ ሰዎቹ ሄዱ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ሺዎች ወጡ፣ ብዙዎችም መንገድ ላይ ቀሩ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ከእነሱ ጋር ወናፉን መንፋት፣ መስፉ ላይ ብረቱን ማገላበጥ፣ ፒን መቀጥቀጥ የሚያውቅ እጅም ሄደ። ሙያው ጨርሶ ጠፋ ማለቴ አይደለም፤ ሌሎች ቀጥቃጮች ነበሩ፣ ዛሬም አሉ፣ የብየዳ ቤቱም ብዙውን ሥራ ወስዷል። ግን ልጁን ለቀጥቃጭ ሙያ በኩራት የሰጠ ጎረቤት ስንቱ ነው? ቡዳ ሲባል ያደገ ሰው ልጁን መሐንዲስ ማድረግ ነው የሚመኘው፣ አይፈረድበትም።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ቦታ አለ፤ ቢራቢሮ ሰንጢ የመጣችበት። ፊሊፒንስ፣ ባታንጋስ ግዛት፣ ታአል ከተማ ውስጥ ባሊሶንግ የሚባል ሰፈር አለ፤ ሰንጢዋም በዓለም ላይ የምትጠራው በዚሁ ስም ነው። እዚያ ያሉ ቀጥቃጮች ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ስለት ያወጣሉ። የእኛዎቹም ከዚያው ባሌስትራ ነው ቢላ የሚያወጡት። እዚያ ሰፈሩ በዕቃው ስም ይኮራል፣ ቱሪስት መጥቶ ይገዛል። እዚህ ዕቃውን ገዝተን የሠራውን ሰደብነው።

ጎርጎራ ራሷ ለመዶሻ እንግዳ አይደለችም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እዚያ ቤተ መንግሥት ሲሠራ ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ መዶሻውንና መሮውን በገዛ እጁ ሠርቶ ሠራተኞቹን አሠልጥኗል ተብሎ ተጽፏል። ቄስ ብረት ሲቀጠቅጥ ቡዳ ያለው እንዳለ ግን የታሪክ መጽሐፍ አይነግረንም። በኋላ ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደብ ሠራባት። ሰጌቶ፣ ሞርሳ፣ ሮንደላ፣ ካቻቢቴ፣ ባሌስትራ፣ እስካሁን በዚህ ጽሑፍ የጠራናቸው ዕቃዎች ስማቸው የእሱ ቋንቋ ነው። መስፍ፣ ወናፍ፣ ጉጠት ግን የእኛ ናቸው፤ የቀጥቃጩ።

ወደ ሰንጢያችን እንመለስ፣ አልጨረስንም። ወረቀቱን ስታወጡ ሰንጢዋን በአንዱ እጀታ ይዛችሁ ሌላውን ልቀቁት፤ በራሱ ክብደት ወደ ታች መውረድ አለበት። ከተያዘ ራሱን ጨርሳችሁ ሳትቀጠቅጡ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ አድርጋችሁ ብዙ ጊዜ ክፈቱና ዝጉ፤ ብዙውን ጊዜ ይለቃል። የምግብ ዘይት አታድርጉ፣ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል። ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ትንሽ ተጨማሪ ምት ይበቃዋል።

የማይጠገን አለ። እጀታው በሻጋታ የፈሰሰ የዚንክ ቅይጥ ከሆነ፣ ማለትም ቀለል ያለና ሲሰበር ውስጡ ግራጫ ፍርፋሪ የሚመስል፣ መዶሻ አይችልም፣ ይሰነጠቃል። እሱ ላይ ቀጥቀጣውን ትታችሁ ቀዳዳው ልክ የሆነ ብሎን ከዳዶው ጋር እሰሩ። ቀዳዳው እንቁላል ከሆነም ድሪል ያለው ሰው ጋ ወስዳችሁ ትንሽ አስፍታችሁ ወፈር ያለ ፒን አስገቡ። ስንጥቁ ከቀዳዳው ወደ እጀታው ዳር ከደረሰ ግን ያኔ በቃ፣ ጣሏት፤ ስትወረወር የምትበር ሰንጢ ከማንም ጣት አትበልጥም።

ሌላ ነገር፦ አንዱ ፒን ተሰብሮ ስትጠግኑ ሁለተኛውን አትተዉት። እኩል ነው የሠሩት፣ እኩል ነው የተመቱት። አንዱን ቀይራችሁ ሌላውን ብትተዉ በወሩ ያው ሞረድ፣ ያው ኤሌክትሮድ፣ ያው የሞባይል ካርድ ነው።