«ቴክ» በሐኪም ቤት

የሕክምና አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ ረጅሙና ከባዱ የበሽታ ስም ያን ያህል አያሳስበኝም፤ ካላወቅሁት ሐኪሙን እጠይቃለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሁሉም ሰው አውቀዋለሁ የሚለው «ቴክ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ ነው።

በአንድ ቀጠሮ ብቻ ስንት ጊዜ እንደሚነገር ልብ በሉ። ነርሷ ሙቀት ትለካለች፣ ደም ትቀዳለች። ራጅ ይነሣል። ሐኪሙ «ሸሚዝዎን ያውልቁ፣ አየር በረጅሙ ይሳቡ» ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ክኒኑን ይዋጡ» ይባላል። እንግሊዝኛው በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች «ቴክ»ን ይጠቀማል። ደም ከታማሚው ይወጣል፣ ክኒን ወደ ታማሚው ይገባል፤ ግሱ ግን አንድ ነው። አማርኛ ለየድርጊቱ የራሱን ግስ ይሰጣል።

«ቴክ» ለእንግሊዝኛም መጤ ነው። በ9ኛው መቶ ዘመን ከዴንማርክና ከኖርዌይ ተነሥተው በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ የሰፈሩት ቫይኪንጎች «ታካ» የሚል ግስ ይዘው መጡ። በጥንታዊው የጎት ቋንቋ የሚገኘው ዘመዱ «ነካ» ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ግስም ከመያዝ ወደ መውሰድ፣ ከመውሰድ ወደ መቀበል እየሰፋ ሄደ። ነባሩን የእንግሊዝኛ ግስ «ኒማን»ንም ቀስ በቀስ ከቦታው አስለቀቀው። የኒማን ዘመድ በጀርመንኛ «ኔመን» ተብሎ ዛሬም ይሠራል። በእንግሊዝኛ የቀረው አንዱ ቅሪት ደግሞ ሐኪም ቤት ውስጥ በየቀኑ የምሰማው ነው፤ ከማደንዘዣ መርፌ በኋላ የደነዘዘውን ድድ የሚገልጹበት «ነም» የሚለው ቃል በመነሻው «የተወሰደ፣ የተያዘ» ማለት ነበር።

ይህን ሁሉ የማነሣው አንድ ቃል ስንት ሥራ እንደተሸከመ ካልተረዳን በታማሚው ላይ ጉዳት ስለሚደርስ ነው። አንዲት እናት ለደም ግፊት ክትትል መጥተው ነርሷ መድኃኒታቸውን «ቴክ» አድርገው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ቀደም ብላ «እማዬ፣ መድኃኒቱን ወስደሻል?» አለቻቸው። «አዎ፣ ወስጃለሁ» አሉ። ጥያቄውን ላብራራ ብዬ ነርሷን አስፈቀድኩና «እማማ፣ ክኒኑን ዛሬ ጠዋት ውጠዋል?» አልኳቸው። «ኧረ ገና ነኝ! ትናንት ነው ከፋርማሲ የወሰድኩት» ብለው ያልተከፈተውን ጠርሙስ ከቦርሳቸው አወጡ። እናትም ልጅም አልዋሹም። ነገር ግን «ወስደዋል» ተብሎ ቢመዘገብ ኖሮ፣ ሐኪሙ ግፊቱ ከፍ ማለቱን አይቶ መድኃኒቱ አልሠራም ሊል፣ መጠኑንም ሊጨምር ይችል ነበር።

«መዋጥ»ም ቢሆን ለሁሉም አይሆንም። የደረት ሕመም ላለበት የልብ ታማሚ የሚታዘዘው የናይትሮግሊሰሪን ክኒን ከምላስ ሥር ተቀምጦ መሟሟት አለበት። ከተዋጠ አብዛኛውን ጉበት ስለሚሰባብረው በአስጨናቂዋ ሰዓት ቶሎ አይደርስም። ኢንሱሊን ይወጉታል፤ የአስም መድኃኒት በአፍ ወደ ሳንባ ይስቡታል።

«መድኃኒት መውሰድ»፣ «እርምጃ መውሰድ»፣ «ፈተና መውሰድ» ዛሬ በአማርኛችን ተለምደዋል፤ ከጋዜጣም ከንግግርም ይውጡ አልልም። የመድኃኒት ጠርሙስ በእጅ ሲያዝ ግን ድርጊቱን በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። ለወላጆቻችሁ የምታስተረጉሙ ልጆች፣ ፋርማሲስቱን «በአፍ ነው? ከምላስ ሥር ነው? በመርፌ ነው? ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ «ዋጪው»፣ «ከምላስሽ ሥር አድርጊው»፣ «ሳቢው» በሏቸው፤ እንዴት እንደሚጠቀሙበትም በራሳቸው አፍ መልሰው እንዲነግሯችሁ አድርጉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሐኪሙ ያዘዘውና እናታችሁ ቤት ገብተው የሚያደርጉት አንድ መሆኑን የምታረጋግጡት ግን በዚህ ነው።