ሰኞ ስንተኛ ቀን ነው?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ዕለት ዕለት ስማቸውን እየጠራን ትርጕማቸውን ሳንጠይቅ ከምናልፋቸው ነገሮች አንዱ የሳምንቱ ቀኖች ስም ነው። እኔም በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዓመት ሳገለግል በየደብዳቤው ራስጌ ቀን እጽፋለሁ እንጂ፣ ስለ ቀኖቹ ስም አንድም ጊዜ አስቤ አላውቅም ነበር። እንዳስብ ያደረገኝ የራሴ ስሕተት ስለ ሆነ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ ይጠቅም ይሆናል በማለት እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከገጠር ለመጡ አንድ ሽማግሌ ባለጕዳይ «በሚመጣው ሳምንት በሁለተኛው ቀን ይቅረቡ» የሚል ማስታወሻ ጽፌ ሰጠኋቸው። በእኔ አሳብ ሁለተኛው ቀን ማክሰኞ ነበር፤ ሥራችን ሰኞ ስለሚጀምር ሌላ ነገር አልታየኝም። ሽማግሌው ግን ሰኞ ጧት ቢሮው ሳይከፈት በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። መዝገቡ ገና ከፊርማ አልተመለሰምና፣ «አባቴ፣ ቀኑን ተሳስተዋል፤ ነገ ይመለሱ» አልኋቸው። እርሳቸውም ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው፣ «ልጄ፣ የጻፍኸው ሁለተኛው ቀን አይደለምን? ሰኞስ ሌላ ምን ማለት ነው?» አሉኝ። ለካ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ ሰው ኖረዋል!

በዚያው በር ላይ ቆመው ያስተማሩኝን፣ በኋላም መዝገበ ቃላት አገላብጬ ያረጋገጥሁትን ባጭሩ ልግለጽ። እሑድ ከግእዙ «አሐዱ» ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ አንደኛው ቀን ማለት ነው። ሰኞ በግእዝ «ሰኑይ» ሲሆን፣ ሁለተኛ ማለት ነው። ሦስተኛው ቀን በግእዝ «ሠሉስ» ይባላል፤ አማርኛችን ግን ይህን ስም ትቶ የሰኞ ማግስት ሲል «ማክሰኞ» አለው። ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስም አምስተኛ ለመሆናቸው «አርባዕቱ» እና «ኀምስቱ» የሚሉት ቍጥሮች ምስክር ናቸው። ዐርብ ላይ ሲደረስ ቍጥሩ ይቋረጣል። «ዐረበ» ማለት ገባ፣ ጠለቀ ማለት ነው፤ ፀሐይ የምትጠልቅበት ምዕራብም ከዚሁ የወጣ ነው። ስለዚህ ዐርብ የሰንበት ዋዜማ፣ የሰንበት መግቢያ መሆኑን በስሙ ይናገራል። የሶርያ ክርስቲያኖችም ቀኑን ከዚሁ ሥር በወጣ ስም ይጠሩታል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ቅዳሜ ነው። ሰባተኛው ቀን እንዴት «ቀዳሚ» ተባለ? ነገሩ እንዲህ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሰንበት ሁለት ናት፤ እሑድ «ሰንበተ ክርስቲያን» ስትባል፣ ቅዳሜ «ቀዳሚት ሰንበት» ትባላለች። ቅዳሜ ይከበር ወይስ አይከበር በሚለው ነገር የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ብዙ ዘመን ሲከራከሩ ኖረው፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1450 ዓ.ም. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። እንግዲህ ቅዳሜ ቀዳሚ የተባለችው ከሰባቱ ቀኖች ሁሉ ቀድማ ሳይሆን፣ ከሁለቱ ሰንበታት የቀደመችው እርሷ ስለ ሆነች ነው።

ከእሑድ ጀምሮ መቍጠር የእኛ ብቻ አይደለም። ዕብራይስጡም ዐረብኛውም እንዲሁ ይቈጥራሉ፤ ግሪኮችም እስከ ዛሬ ሰኞን የሚጠሩት «ሁለተኛ» በሚል ቃል ነው። በሌላ በኩል፣ አይ.ኤስ.ኦ. 8601 የተባለው ዓለም አቀፍ የቀን አጻጻፍ ደረጃ ሳምንትን ከሰኞ ይጀምራል። ለሥራ አመቺ ነውና በዚህ ተቃውሞ የለኝም። ነገር ግን በአንድ አገር ሁለት አቈጣጠር ካለ፣ «ሁለተኛው ቀን» ብሎ መጻፍ ባለጕዳይን ማሳሳት መሆኑን ከሽማግሌው ተምሬአለሁ።

ሽማግሌው በእኔ ብዕር ምክንያት አንድ ሌሊት የማደሪያ ከፍለው ማክሰኞ ተመለሱ። መዝገባቸውን ከሁሉ አስቀድሜ አቀረብሁና ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሳቸውም ሣቅ ብለው፣ «ግድ የለም፤ የሰኞን ማግስት በደንብ አወቅኸው» ብለውኝ ሄዱ።

ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼን የምለምነው፣ ለባለጕዳይ ቀጠሮ ስንሰጥ የቀኑን ስም፣ ቀንና ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱንም አሟልተን እንድንጽፍ ነው። በእኛ በኩል የሁለት ቃል ድካም ነው፤ በባለጕዳዩ በኩል ግን የአንድ ቀን ስንቅና ማደሪያ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ