ታንክ፣ ታንከርና ቦቴ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከጣሪያ ወይም ከብረት ማማ ላይ የሚቀመጠውን የውኃ ማጠራቀሚያ «ታንከር» እንለዋለን፤ ፕላስቲክ ሲሆን በአምራቹ ስም «ሮቶ» እንለዋለን። በእንግሊዝኛ ግን ማጠራቀሚያው «ታንክ» ነው፤ «ታንከር» የሚባለው ውኃ ወይም ነዳጅ የሚያመላልሰው፣ እኛ «ቦቴ» የምንለው ተሽከርካሪ ነው። በአማርኛ «ታንክ» የምንለው የጦር መሣሪያውን ነው፤ እርሱም ስሙን ያገኘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ምስጢሩን ለመሰወር የውኃ ማጠራቀሚያ አስመስለው ስለ ጠሩት ነው።

ስለዚህ የአጥቢያ የውኃ ኮሚቴ በእንግሊዝኛ በሚያዘጋጀው የርዳታ ጥያቄ «ታንከር» ብሎ ቢጽፍ፣ ለጋሹ መኪና እንደ ተጠየቀ ሊረዳና በጀቱም ሊዛባ ይችላል። በአማርኛው ሰነድ ቋሚውን «ማጠራቀሚያ»፣ ተሽከርካሪውን «ቦቴ» ብለን፣ የሚይዘውንም ውኃ በሊትር ገልጠን እንጻፍ፤ በእንግሊዝኛው ደግሞ ማጠራቀሚያውን «ታንክ» እንበል።