በድሬዳዋ ሁለት ቀን ለሚያሳልፍ ነጋዴ፤ የማረፊያ ሆቴልን በሥፍራው ስለ መምረጥ

ለነጋዴ ሰው ከሥራው ተለይቶ የሚያርፍበት ጊዜ እጅግ ጥቂት መሆኑ የታወቀ ነው። ሱቅን ለሰው አደራ ሰጥቶ፥ የሳምንቱን ሒሳብ ዘግቶ፥ ቅዳሜንና እሑድን በሌላ ከተማ ለማሳለፍ መነሣት ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህም እነዚያ ሁለት ቀኖች በከንቱ እንዳያልፉ አስቀድሞ ማሰብ ተገቢ ነው። ብዙ ሰው ግን የአውሮፕላኑን ወይም የባቡሩን ቲኬት በጥንቃቄ ከመረመረ በኋላ የሚያድርበትን ሆቴል በዋጋው ወይም በስሙ ብቻ ይመርጣል። ሆቴሉ በከተማው በየትኛው ወገን እንደሚገኝ፥ ከሚሄድበት ሥፍራም ምን ያህል እንደሚርቅ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ድሬዳዋን ምሳሌ አድርገን፥ የሆቴል ሥፍራ ከአልጋው ዋጋ ይልቅ ስለ ምን ሊታሰብበት እንደሚገባ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ድሬዳዋን መምረጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። ይህች ከተማ ከንግድ የተወለደች ናት። የምድር ባቡር ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሥፍራ ሲደርስ፥ ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት አስቸጋሪና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ መስመሩ በቆላው ቀረ፤ በጣቢያውም ዙሪያ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው ከዚህ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ቢሆን ጨርቅና የቤት ዕቃ የሚያስመጣ፥ ቡናና የቁም ከብት የሚልክ ነጋዴ ሁሉ ከድሬዳዋ ጋር አንድ ጉዳይ አያጣም። በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. የነፃ ንግድ ቀጣና በዚያ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ከተማይቱን አይቶ ለመመለስ የሚሻው ሰው በርክቷል።

እንግዲህ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው፥ ከተማይቱ በደቻቱ ወንዝ ለሁለት የተከፈለች መሆኗን ነው። ከወንዙ በስተ ምዕራብ ያለው ከዚራ ይባላል። ይህ ወገን በምድር ባቡር ዘመን በፕላን የተሠራ ስለ ሆነ መንገዶቹ ቀጥ ያሉና ሰፋፊ ናቸው፤ በግራና በቀኝም ጥላ የሚሰጡ ዛፎች ተተክለውባቸዋል። የቀድሞው የባቡር ጣቢያ የሚገኘውም በዚሁ ነው። ከወንዙ በስተ ምሥራቅ ያለው መጋላ የቆየው የገበያ ሰፈር ሲሆን መንገዶቹ ጠባብና ጠመዝማዛ ናቸው። ስሙ በሩቅ የሚሰማው የቀፊራ ገበያ ያለው በመጋላ ነው። ከእነዚህ ሌላ ከመሐል ከተማው ወጣ ብሎ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ወገን የተስፋፋ ሳቢያን የሚባል ሰፈር አለ፤ በዚያም አዳዲስ ሕንፃዎች ተሠርተዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታሰበው ሙቀቱ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። በተለይም በግንቦትና በሰኔ ፀሐይዋ ትበረታለች፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ግን ለደገኛ እንግዳ የተመቸ ነው። በሙቀቱ ምክንያት የከተማይቱ የሥራ ሰዓት ከደጋው ከተማ የተለየ ነው። ገበያው የሚደምቀው ጧት ነው፤ ቀትር ሲሆን ሰው ከፀሐይ ይሸሻል፥ ብዙ ሱቅም ይዘጋል፤ አሥር ሰዓት ገደማ ነፋሱ ሲነሣ መንገዱ እንደገና በሰው ይሞላል፤ ምሽቱም የተወደደ የመዝናኛ ጊዜ ነው።

የሆቴል ሥፍራ ነገር የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ወይም በደሴ የሚያርፍ እንግዳ ጧት ከሆቴሉ ከወጣ እስከ ማታ ላይመለስ ይችላል፤ መንገዱ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በድሬዳዋ ግን እንግዳው ጧት ይወጣል፥ ቀትር ላይ ለማረፍ ይመለሳል፥ ከሰዓት በኋላ ዳግመኛ ይወጣል፥ ማታም ይገባል። መንገዱ በቀን አራት ጊዜ ሆነ ማለት ነው። በመሆኑም በደጋ ከተማ ብዙም የማይታወቅ ርቀት በቆላ ከተማ በእጥፍ ይቈጠራል።

ነጋዴ በቁጥር ሲነገረው ይበልጥ ይገባዋልና አንድ የማስረጃ ሒሳብ እናቅርብ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የተወሰደ እንጂ የማንም ሆቴል ዋጋ አይደለም። ዓርብ ማታ ገብቶ እሑድ ማታ የሚመለስ፥ ሁለቱንም ቀን በከተማይቱ የሚውል አንድ እንግዳ አለ እንበል። ለገበያው የቀረበው ሆቴል ለአንድ ሌሊት 1,900 ብር፥ ከከተማው ዳር ያለው ደግሞ 1,500 ብር ቢጠይቁት፥ በሁለት ሌሊት 800 ብር የሚያተርፍ ይመስለዋል። ነገር ግን ከዳር ወደ መሐል ለመመላለስ ለአንድ ጉዞ ለባጃጅ 120 ብር ቢከፍል፥ በቀን አራት ጉዞ 480 ብር፥ በሁለት ቀን 960 ብር ይሆናል። በቅርቡ ሆቴል ቢያድር በእግሩ ሊደርስበት ይችል ለነበረው ሥፍራ ይህን ከፈለ ማለት ነው። ተርፏል የተባለው 800 ብር አልቆ 160 ብር ደግሞ ከኪሱ ወጣ። ለእያንዳንዱ ጉዞ ሃያ ደቂቃ ቢያጠፋ፥ በሁለት ቀን ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ በመንገድ ላይ አለቀ። እንደ ቤተሰቡ ብዛት ሁለት ባጃጅ የሚያስፈልገው ከሆነማ ኪሳራው በዚያው ልክ ይጨምራል። ዕቃ ስናስመጣ የመጫኛውንና የማውረጃውን ወጪ በዕቃው ዋጋ ላይ እንደምንደምር ሁሉ፥ የመመላለሻውንም ወጪ በአልጋው ዋጋ ላይ መደመር ይገባናል።

የደቻቱም ነገር ሊዘነጋ አይገባውም። ይህ ወንዝ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰውም ከብትም በላዩ ያልፋል። ስለዚህ እንግዳ ሰው ወንዝ መሆኑን እንኳ ይረሳዋል። በከተማይቱ ደመና ሳይታይ በላይኛው ተራራ የዘነበው ዝናም ግን ድንገት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ከነቤታቸው ጠርጎ እንደ ወሰደ የማያስታውስ የድሬዳዋ ሰው የለም። እንግዲህ ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ፥ ደግሞም ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው የዝናም ወራት የሚጓዝ ሰው፥ ሆቴሉ ከወንዙ ዳር ፈቀቅ ያለና ከፍ ባለ ሥፍራ የተሠራ መሆኑን ይጠይቅ። ማታ ሲመለስም በድልድይ እንጂ በአሸዋው ላይ አይሻገር። ባለ ባጃጁ ለመፍጠን ብሎ በአሸዋው ልለፍ ቢል እንኳ እንቢ ማለት ይገባል።

ታዲያ የትኛው ወገን ይሻላል? መልሱ እንደ መንገደኛው ጉዳይ ነው። ከቤተሰቡ ጋር ለማረፍ፥ ማታ በዛፍ ጥላ ሥር ለመንሸራሸር፥ ጧት ደግሞ ገበያውን ለማየት ለሚሻ ሰው ከዚራ፥ ከከዚራም ውስጥ ወደ ደቻቱ ድልድይ የሚያቀርበው ክፍል ከሁሉ የተመቸ ሆኖ ይታየናል። በገበያው ውስጥ ብርቱ ጉዳይ ያለው፥ ጎሕ ሲቀድ ከዕቃ አውራጆች ጋር መገኘት የሚፈልግ ሰው በመጋላ ቢያድር ሥራው ይቀናል፤ ነገር ግን የመኪናና የተሸካሚ ድምፅ ከሌሊቱ ጀምሮ እንደሚሰማ ይወቀው፤ እንቅልፉ የቀለለ ሰው አይሞክረው። በገዛ መኪናው የመጣ ወይም እሑድ በማለዳው አውሮፕላን የሚመለስ ሰው ሳቢያንን ቢመርጥ አይነቀፍም፤ ለመኪናው ሰፊ ግቢና ዘበኛ ማግኘት ይቀለዋልና።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ስሕተት ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሆቴሎች በማስታወቂያቸው «ለባቡር ጣቢያ ቅርብ ነን» ይላሉ። በድሬዳዋ ግን ሁለት የባቡር ጣቢያዎች አሉ። አንደኛው በከዚራ የሚገኘው የቀድሞው ጣቢያ ነው። ሁለተኛው በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው፥ ከአዲስ አበባ ወደ ጂቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ነው፤ ይህም ከመሐል ከተማው ውጭ ነው። በአዲሱ ባቡር የመጣ መንገደኛ ለቀድሞው ጣቢያ የቀረበ ሆቴል ይዞ ከባቡሩ እንደ ወረደ በእግሩ የሚገባ ከመሰለው ይሳሳታል። ሆኖም ለሁለት ቀን ዕረፍት የሚሻለው ለቀድሞው ጣቢያ የቀረበው ነው፤ ወደ አዲሱ የሚኬደው ሲገባና ሲወጣ ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፥ ወደ መሐል ከተማው ግን በየቀኑ ነውና።

እሑድን በሐረር ለማሳለፍ ያሰበ ሰውም አለ። ሐረር ከድሬዳዋ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በደንገጎ ዳገት ተወጥቶ በሐረማያና በአወዳይ በኩል የሚደረስባት ከተማ ናት። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውን የጀጎልን ግንብና ውስጡን ለማየት ግማሽ ቀን ይበቃል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ምሽት ላይ ጅብ ሲመገብ ለማየት የሚሻ ሰው ቅዳሜን እዚያው ቢያድር ይሻለዋል፤ የደንገጎን ቁልቁለት በጨለማ መውረድ የሚመከር አይደለምና። በሐረርም ቢሆን የሥፍራው ጥያቄ አይቀርም። በጀጎል ውስጥ በቆየው የሐረሪ ቤት ማደር ታላቅ ደስታ ያለው ነው፤ ዳሩ ግን መንገዶቹ ጠባብ ስለ ሆኑ ሻንጣ ተሸክሞ በእግር መግባት ግድ ይሆናል። መኪና የያዘ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ከግንቡ ውጭ በስተ ምዕራብ ባለው በአዲሱ ከተማ ቢያርፍና ወደ ጀጎል በእግሩ ቢገባ ይመቸዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በጸሐፊነት ሥራው ለአሠሪውና ለእንግዶቻቸው አልጋ የማስያዝ ተግባር ስለሚደርሰው፥ ቀብድ ከመላኩ በፊት በስልክ የሚጠይቃቸውን ነገሮች ለአንባቢያን ማካፈል መልካም መስሎ ታይቶታል። መጀመሪያ፥ ሆቴሉ ከደቻቱ በየትኛው ወገን ነው? ሁለተኛ፥ ከሆቴሉ በር እስከ ቀፊራ በእግር ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? «ቅርብ ነው» የሚል መልስ መልስ አይደለምና ደቂቃው ይነገር። ሦስተኛ፥ የሚሰጠው ክፍል መስኮቱ ወደ የት ይመለከታል? ወደ ምዕራብ የሚመለከት ክፍል የከሰዓት በኋላዋን ፀሐይ ተቀብሎ እስከ እኩለ ሌሊት እንደ ጋለ ይቈያል። አራተኛ፥ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ አምፖሉን ብቻ ነው ወይስ ማራገቢያውንም ያስነሣል? አምስተኛ፥ በመጨረሻው ቀን ክፍሉ የሚለቀቀው በስንት ሰዓት ነው? ማታ የሚመለስ መንገደኛ ልክ በቀትር ክፍሉን ልቀቅ ቢባል፥ ፀሐይዋ በበረታችበት ሰዓት ሻንጣውን ይዞ በመንገድ መቅረቱ ነውና፥ እስከ አሥር ሰዓት ለመቈየት አስቀድሞ መስማማት ይሻላል።

እነዚህ ሁሉ ተጠይቀውም የሆቴሉ ሰው የሚናገረው ስለ ገዛ ቤቱ ነውና፥ በከተማይቱ ያለ አንድ ደንበኛን ወይም ዕቃ ተቀባይን ማማከር አይከፋም። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንደሚባለው፥ የትኛው መንገድ ማታ ጭር እንደሚል፥ የትኛው ሰፈር ውኃ እንደሚቸግረው ከዚያው ሰው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ይህን ለመጠየቅ አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃል።

በመጨረሻም ከአንባቢዎቻችን መካከል የሆቴል ባለቤቶች የሆኑ ስለማይጠፉ ለእነርሱም አንድ ቃል አለን። እንግዳን ለመሳብ የሕንፃውን ፎቅና የአዳራሹን ስፋት ከማስታወቅ ይልቅ፥ ሆቴሉ ከወንዙ በየትኛው ወገን እንደሚገኝ፥ ከገበያው፥ ከሁለቱ የባቡር ጣቢያዎችና ከአውሮፕላን ማረፊያው ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ በግልጽ ቢጽፉ ራሳቸው ይጠቀማሉ። ከመሐል ከተማው የራቀ ሆቴልም እውነቱን ተናግሮ ግቢውንና ጸጥታውን ቢያስታውቅ፥ ጸጥታ ፈላጊው እንግዳ ራሱ ፈልጎት ይመጣል። ሥፍራውን ሳይነግሩት የመጣ እንግዳ ግን አንድ ጊዜ ከፍሎ ሁለተኛ አይመለስም፤ ለጓደኞቹም የሚያወራው በሁለት ቀን ዕረፍቱ ስንት ጊዜ በባጃጅ እንደ ተመላለሰ ብቻ ይሆናል።