ጓሳን ለመጎብኘት ወቅትን መምረጥ፦ የጠራ ሰማይና የሌሊት ውርጭ

በመንዝ የሚገኘው የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ከባሕር ወለል ከ3200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። ለጉብኝት ዘወትር የሚመከረው በጋ ነው፤ ይሁን እንጂ የበጋው ወራት ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም።

በሐምሌና በነሐሴ ዝናብና ጉም እይታን ይጋርዳሉ፤ መንገዱም ይጨቀያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ይጠራል። ሆኖም ቀን ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን አጥርቶ ለማየት የሚረዳው ይኸው ሰማይ ሌሊት ውርጭን ያስከትላል፤ የሚያግደው ደመና ስለሌለ የምድሪቱ ሙቀት በጨረር መልክ ወደ ሕዋ ያመልጣልና። የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ በረባዳው ላይ ይተኛል፤ ስለሆነም ድንኳንን በተዳፋት ላይ መትከል ይመረጣል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚጠበቀው የበልግ ዝናብ ደግሞ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ቀን ቆርጦ ለማቀድ ያስቸግራል።

በመሆኑም ዝናቡ የሚያባራበት፣ ሣሩ እንደለመለመ የሚቆይበትና ውርጩ ገና ያልበረታበት ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ጊዜ ለጎብኚ የተሻለ ነው። ተመራማሪ ግን ምቹውን ወቅት ብቻ ቢመርጥ፣ እንስሳቱ ብርዱንና ዝናቡን እንዴት እንደሚያሳልፉ ሳያይ ይመለሳል።