የኒው ሀልፋ ምሽት የሚጠይቀው ሌንስ

በምሥራቅ ሱዳን፣ ኒው ሀልፋ ውስጥ፣ እኩለ ቀን መንገድ ላይ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ ጋደም ይላል፤ አህያው የግድግዳ ጥላ ይፈልጋል፤ አቧራማው ሜዳ ነጭ ሆኖ ዓይን ይወጋል። ጀንበር ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ግን ከተማዋ ከእንቅልፏ ትነቃለች። ሱዳኖች «ሆሽ» በሚሉት ግቢ ውሃ ይረጫል፤ በገመድ የተጠላለፈው አልጋ፣ ዓንጋሬቡ፣ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከሰል ላይ ጀበና ይጣዳል፤ ዝንጅብል የገባበት ቡና መሽተት ይጀምራል። እንጨት ላይ የተንጠለጠለች አንዲት አምፖል ለአሥር ሰው ታበራለች። ፎቶ ሊያነሳ ለመጣ ሰው የሚፈልገው ፊት ሁሉ እዚህ ተሰብስቧል፤ የጎደለው ብርሃን ብቻ ነው።

ከተማዋ ራሷ የውሃ ልጅ ናት። የግብፁ የአስዋን ታላቅ ግድብ የዋዲ ሀልፋን ከተማ ሊያሰጥም ሲል 50 ሺህ ገደማ የሚሆኑ የሱዳን ኑብያውያን ከ1964 መጀመሪያ አንስቶ በባቡር ተጭነው ወደዚህ ሜዳ መጡ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። መንደሮቻቸው ስም ሳይሆን ቁጥር ተሰጣቸው። ታሪኩን በወቅቱ የዋዲ ሀልፋ አስተዳዳሪ የነበረው ሐሰን ደፈአላ በ1975 በታተመ መጽሐፉ ጽፎታል። አሮጌው ሀልፋና በዙሪያው ያሉት መንደሮች፣ በራቸው ላይ ሳህን የተለጠፈባቸው ባለጌጥ ቤቶች፣ ከውሃው በታች ናቸው፤ እነሱን ማየት የሚፈልግ ፎቶ ያያል። ለአዲሷ ሀልፋ እርሻ የሚሆነው ውሃ ደግሞ በዚያው ጊዜ ከተሠራው ከኸሽም ኤል ጊርባ ግድብ ይመጣል፤ ወንዙ አትባራ ነው፤ አትባራ ማለት ደግሞ ተከዜ፣ አንገረብና ጓንግ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። የኒው ሀልፋ ጥጥ ከላስታና ከስሜን የወረደ ውሃ ይጠጣል ማለት ነው። ወደ ውሃው በኋላ እመለሳለሁ፤ ከፎቶ ጋር የሚያገናኘው ጉዳይ አለና።

አሁን ወደ ካሜራው። ሬንጅ ፋይንደር የሚባለው ካሜራ መስተዋት የለውም፤ በሌንሱ ውስጥ አይታይበትም። ጣታችንን ከአፍንጫችን ፊት አቁመን አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ዓይናችንን ብንጨፍን ጣቱ ቦታ የሚቀይር ይመስላል። ካሜራው የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። ፊቱ ላይ ሁለት መስኮቶች አሉ፤ በአንዱ እናያለን፣ ሁለተኛው ያንኑ ምስል ከጎን አይቶ መካከል ላይ ይደርብልናል። የሌንሱን ቀለበት ስናዞር ተደራቢው ይንሸራተታል፤ ሁለቱ ገጥመው አንድ ሲሆኑ ፎከሱ ተገኘ። መስኮቶቹ በተራራቁ ቁጥር ልኬቱ ይጠራል። በሊካ ኤም ካሜራዎች ርቀቱ ወደ 69 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሩሲያው ዞርኪ 4 ወደ 38 ይወርዳል። ይህ ቁጥር በሌንስ ግዢ ወቅት ማንም የማያነሳው፣ በኋላ ግን የሚያስለቅስ ቁጥር ነው።

ኢትዮጵያ ከእነዚህ ካሜራዎች ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ፎቶ አንሺው አልፍሬድ አይዘንስታት በ1935፣ ጣሊያን ልትወርረን በተቃረበችበት ጊዜ፣ ሊካ ይዞ መጥቶ ነበር፤ የባዶ እግር ወታደራችንን የተሰነጣጠቀ እግር ያነሳባት ፎቶ እስካሁን ትታያለች። ሴባስቲያኦ ሳልጋዶም በ1984ና በ1985ቱ ረሃብ ኢትዮጵያንና ሱዳንን የዞረው በሊካ ነው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከሄዱት መካከል አንዳንዱ ሲመለስ በሻንጣው ውስጥ ከመጻሕፍቱ ጋር አንድ ፌድ ወይም ዞርኪ ይገኝ ነበር።

«ፈጣን ሌንስ» የሚለው ስም ያሳስታል። ሌንሱ አይሮጥም። ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ብዙ ብርሃን ያስገባል፤ ስለዚህ ሸተሩ፣ ፊልሙን የሚሸፍነው መጋረጃ፣ በፍጥነት መዘጋት ይችላል፤ ፈጣን የተባለው ለዚህ ነው። የቀዳዳው ስፋት የሚጻፈው በኤፍ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 1.4 ከኤፍ 2 እጥፍ ብርሃን ያስገባል፣ ከኤፍ 2.8 ደግሞ አራት እጥፍ። በተግባር እንየው። አንድ ጥሩ አምፖል ባለበት ክፍል፣ ለብርሃን ያለው ስሜት አይኤስኦ 400 የሆነ ፊልም ካለን፣ ኤፍ 2.8 ላይ ሸተሩ 1/15 ሰከንድ ይጠይቃል። ኤፍ 2 ላይ 1/30፤ ኤፍ 1.4 ላይ 1/60። በ1/15 የሚስቅ ሰው ጥርሱ ይደበዝዛል፤ በ1/60 ሳቁ ይቀራል። መስተዋት ስለሌለ ካሜራው ሲነሳ አይነቀነቅም፤ እጁ የረጋ ሰው ቀስ ያለውንም ፍጥነት ይዞ ይወጣል። የሚነሳውን ሰው ግን ማንም አያረጋውም።

ቀን ላይ ይህ ሁሉ ሀብት ከንቱ ነው። አይኤስኦ 100 ፊልም በኒው ሀልፋ ፀሐይ ኤፍ 16 ላይ 1/125 ይጠይቃል። ወደ ኤፍ 5.6 ስንከፍት 1/1000 ደረስን፤ አብዛኞቹ የፊልም ሬንጅ ፋይንደሮች ደግሞ ከዚያ አያልፉም። ያ ውድ የሆነው ኤፍ 1.4 ከመግሪብ በፊት አይነካም። ጥቁር ማጣሪያ መግጠም ይቻላል፤ እኔ ግን በዚያ ፀሐይ ማጣሪያ ሲገጣጥም የሚውል ሰው አላየሁም።

ከንቱ መሆኑ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አደጋም አለው። ልጆች በማጉያ መነጽር ወረቀት ሲያቃጥሉ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። በሬንጅ ፋይንደር ውስጥ በሌንሱና በሸተሩ መካከል ምንም የለም። የሊካም፣ የዞርኪም፣ የፌድም ሸተር ጎማ የተቀባ ጨርቅ ነው። ሌንሱ ሰፊ ተከፍቶ፣ ፎከሱ ሩቅ ላይ ሆኖ፣ ካሜራው ትከሻ ላይ ወደ ፀሐይ ዞሮ ቢቆይ በጨርቁ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ትወጣለች። የእኔ አሮጌ ካሜራ ይህች ነጥብ አለችበት፤ የተማርኩት በዚህ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሌንሱ ከፎቶ ውጭ ኤፍ 16 ላይ ይዘጋ፣ ፎከሱ ወደ ቅርብ ይዙር፣ ካሜራው በደረት ላይ ፊቱን ወደ መሬት ያድርግ። ሸተሩ ከብረት የተሠራው የኪየቭ ካሜራ ከዚህ ይድናል፤ የካኖን ፒም እንደዚሁ፣ መጨማደድ ቢያገኘውም አይቃጠልም።

እንግዲህ የትኛው? ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት ፈተና አለ።

የመጀመሪያው የስግብግብነት ነው። የሊካ ኖክቲሉክስ በ1966 በኤፍ 1.2 ጀመረ፣ በ1976 ኤፍ 1 ሆነ፣ በ2008 ኤፍ 0.95 ደረሰ። ካኖንም በ1961 ለካኖን 7 ኤፍ 0.95 ሠርቶ ነበር። የኤፍ 0.95ው ኖክቲሉክስ 700 ግራም ይመዝናል፣ ዋጋውም ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ለኒው ሀልፋ አይመከርም፤ ምክንያቱ ግን ዋጋው ብቻ አይደለም። ሌንሱ ስለሚወፍር የመመልከቻ መስኮቱን የታችኛውን ጥግ ይሸፍናል፤ በሬንጅ ፋይንደር የማይታየው ጥግ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕፃን የቆመበት ነው። ሌላው የፎከስ ስፋት ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.4፣ አንድ ሜትር ላይ፣ ጥርት የሚለው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከቅንድብ እስከ ጆሮ እንኳ አይደርስም። ኤፍ 0.95 ላይ ወደ 2 ይጠጋል። በጨለማ፣ ተደራቢው ምስል በማይለይበት ጊዜ፣ 2 ሴንቲ ሜትር መያዝ ዕድል ነው።

ሁለተኛው ፈተና የ50ው ነው፤ እሱ ክብር ይገባዋል። የሊካ ሱሚክሮን ኤፍ 2 ከ1953 ጀምሮ አለ፤ ትንሽ፣ ጥርት ያለ፣ ስህተት የማያበዛ። ሱሚሉክስ ኤፍ 1.4 በ1959 መጣ። ሩሲያዊው ጁፒተር 3 ደግሞ ሉድቪግ በርተለ ለዛይስ በ1930ዎቹ የነደፈው የዞናር ቅጂ ነው፤ ኤፍ 1.5፣ ለዋጋው የማይታመን ለስላሳ ፊት ያወጣል። ግን ወጥመድ አለው። የሶቪየት ካሜራዎች 50 የተባለውን ሌንስ በትክክል 52.4 ሚሊ ሜትር አድርገው ይቆጥሩታል፤ ሊካ ደግሞ 51.6። የሶቪየቱና የድሮው የሊካ ሌንስ በአንድ ዓይነት ጥርስ ይጠመዳሉ፣ ይገጥማሉም፤ ሩቅ ላይ ምንም አይታይም። ቅርብ ላይ ሰፊ ከፍቶ ሲነሳ ግን መስኮቱ «ገጠመ» እያለ ፊልሙ ሌላ ይላል። ጁፒተር 3 በሊካ ላይ ገጥሞ «ሌንሱ ደብዛዛ ነው» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌንሱን በሐሰት ይከሳል።

ሦስተኛው ሰፋ አድርጎ የሚያየው 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ እኔም የማደላው ለዚህ ነው። በሆሽ ውስጥ ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ወደ ኋላ ልሂድ ቢሉ ጀርባው ግድግዳ ነው። 35ቱ ከዓንጋሬቡ ጫፍ ሆኖ ቡና የምትቀዳውንም፣ ተቀባዩንም፣ አምፖሏንም ይይዛል። በዚያው ኤፍ 1.4፣ በዚያው አንድ ሜትር፣ ጥርት የሚለው ስፋት ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ለአንድ ፊት ይበቃል። እጅም ቢንቀጠቀጥ ከ50ው ያነሰ ይታያል። ጉድለቱም አይካድም። የ1961ዱ የሊካ ሱሚሉክስ 35 ሰፊ ሲከፈት ብርሃኑ ይፈስበታል፤ አምፖል በማዕዘኑ ካለ ሥዕሉ ሁሉ ጭጋግ ይለብሳል። አንዳንዱ ይህን ይወዳል፤ እኔ በአንድ አምፖል በሚኖር ግቢ ውስጥ አልወደውም። የጃፓኑ ኮሲና በፎይክትሌንደር ስም የሚሸጠው ኖክቶን 35 ኤፍ 1.4 ትንሽና ርካሽ ነው፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ ግን ትንሽ ያጎብጣል፤ ቀዳዳውም ሲጠብ ፎከሱ ወደ ኋላ ይሸሻል። የኤፍ 1.2ው ወንድሙ በ2003 የወጣው ብርቱ ነው፤ ግን 490 ግራም ነው፤ ያ ክብደት አንገት ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያል። የቻይናዎቹ ሰቨን አርቲዛንስና ቲቲ አርቲዛን በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛሉ። የሰቨን አርቲዛንስ 50 ኤፍ 1.1 ባለቤቱ ራሱ ፎከሱን በመፍቻ የሚያስተካክልበት ብልሃት አለው፤ ትዕግሥት ላለው ሰው መልካም ነገር ነው።

ኤፍ 2 አይበቃም ወይ? ኤሌክትሪክ ሳይጠፋ ይበቃል። ሲጠፋ፣ መጥፋቱም አይቀርም፣ ከሰሉና ፋኖሱ ብቻ ሲቀሩ፣ ኤፍ 1.4 ይሻላል። ፊልሙን እንደ አይኤስኦ 1600 አንስቶ፣ ገፍቶ ማጠብም አለ።

ማጠብ ስል ያ ውሃ መጣ። የጥቁርና ነጭ ፊልም ማጠቢያ ብዙውን ጊዜ የሚለካው በ20 ዲግሪ ነው፤ በበጋ የኒው ሀልፋ ቧንቧ ውሃ ከዚያ እጅግ ይሞቃል። ቶሎ ያጥባል፣ የፊልሙን ጄላቲን ያለሰልሳል፣ ሲብስም ይሸበሽበዋል። በረዶ ከገበያ ገዝቶ ማቀዝቀዝ ግድ ነው። ደለሉ ሌላ ጣጣ ነው። የኸሽም ኤል ጊርባ ግድብ ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዝ ነበር፤ ከደጋው የሚታጠበው አፈር ይህን ቦታ እየበላ አሳነሰው። ሳይጣራ የገባ ውሃ የላስታን ጭቃ በፎቶው ላይ ይተዋል። አንድ ጊዜ በደረቀ ፊልም ላይ የአሸዋ ፍርፋሪ በማጉያ ሲታየኝ፣ የሀገሬ አፈር ነው ብዬ ልቆጣም ልስቅም አልቻልኩም።

ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሳ ሌንስ አይቀየርም፤ ሌንስና ካሜራ በሚገጥሙበት ቦታ የገባች አንዲት ቅንጣት ፊልሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትጭረዋለች። ሙቀቱም የሌንሱን ቅባት ያቀልጣል፤ አሮጌ ሌንስ ሲገዙ የአፐርቸሩ ምላጮች በዘይት ማብረቃቸውን ማየት ያስፈልጋል። ሌንስ ሲገዛ ከማብዛት ይልቅ መቀነስ ይሻላል፤ አንድ ሌንስ ማለት አንድም ጊዜ አለመፍታት ማለት ነው።

ሌላው የሰዎች ጉዳይ ነው። ሱዳን ውስጥ ካሜራ ለረጅም ጊዜ ፈቃድ የሚጠይቅ ዕቃ ሆኖ ቆይቷል፤ በሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ከተጀመረው ጦርነት ወዲህ ደግሞ ወደ ኒው ሀልፋ ሸሽቶ የመጣ ሰው በዝቷል፤ ካሜራ ማውጣት ጥርጣሬ ማውጣት ነው። ትንሹና ድምፁ የማይሰማው ሬንጅ ፋይንደር ለዚህ ይረዳል ይባላል። እኔ ይህን ክርክር አልወደውም። ተደብቆ ለማንሳት ከሆነ ማናቸውም ሌንስ ትልቅ ነው። ቡና ጠጥተው፣ ስም ተጠያይቀው፣ «ላነሳ?» ብለው፣ ያኔ የካሜራው ዝምታ ጥቅሙ ጨዋታውን አለማቋረጡ ነው።

ሌንስ ከመግዛት በፊት የሚደረገውን ፈተና እዚያው ማድረግ ይቻላል። በሱዳን መንገድ ዳር ሻይና ቡና ከሚሸጡት ሴቶች አንዳንዶቹ ከእኛ አገር የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ጥያቄው በአማርኛም ሊሆን ይችላል። ሦስት ስኒ ይታዘዛል። በጠረጴዛው ላይ በሰያፍ ተሰልፈው፣ አንዱ ከሌላው በአምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ እያለ ይቀመጣሉ። በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ከአንድ ሜትር፣ ሌንሱን ሙሉ ከፍቶ፣ ፎከሱን በመካከለኛው ስኒ አፍ ላይ ማድረግ ነው። ሦስት ጊዜ ማንሳት፤ ከዚያ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 2፣ ወደ ኤፍ 2.8 እያጠበቡ መድገም። ፊልሙ ሲታጠብ መካከለኛው ስኒ ጥርት ካለ ሌንሱ ከካሜራው ጋር ተስማምቷል። ፊተኛው ከጠራ መካኒክ ያስፈልገዋል። ኤፍ 1.4 ላይ መካከለኛው፣ ኤፍ 2.8 ላይ ግን ኋለኛው ከመካከለኛው ይልቅ ከጠራ ሌንሱ ሲጠብ የሚሸሽ ነው፤ ያን እያወቁ መግዛት ነው። ቡናው ማንንም አይጠብቅም፤ ሦስቱንም ትኩስ ሳሉ ተጋርቶ መጠጣት።