የግብረ ገብና የማኅበራዊ ስሜታዊ ክህሎት ትምህርት፦ ወላጆች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ትምህርት ቤት ዕውቀትን ከማስተላለፍ ጎን ለጎን ስሜታቸውን የሚገዙ፣ ሌላውን የሚያከብሩና ለተግባራቸው ኃላፊነት የሚወስዱ ዜጎችን የማነጽ ተልእኮ አለው። በአማራ ክልል ባለፉት ዓመታት ባጋጠሙት ግጭቶች ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በመቆየታቸውና ብዙ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ በመራቃቸው ተልእኮው ይበልጥ አጣዳፊ ሆኗል። ከቀያቸው ተፈናቅለው ወደ ባሕር ዳር ከተማ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችም ከነባር ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል ይማራሉ። ለእነዚህ ልጆች የተቋረጠውን ትምህርት ማካካስ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ተረጋግተው መማር እንዲችሉም መደገፍ ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ በፋሲሎ ክፍለ ከተማና በአካባቢው ለሚገኙ ወላጆች ስለ ትምህርቱ ምንነት፣ አሰጣጥና ድጋፍ ስለሚገኝበት መንገድ ማብራሪያ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

ትምህርቱ በሥርዓተ ትምህርቱ ያለው ቦታ

የግብረ ገብ ትምህርት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ራሱን ችሎ ይሰጥ ነበር፤ በደርግ ዘመን በፖለቲካ ትምህርት ተተካ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ተቀርጾ የሕግ የበላይነትን፣ ፍትሕን፣ እኩልነትን፣ ኃላፊነትን፣ ታታሪነትንና ቁጠባን ጨምሮ በ11 እሴቶች ላይ ተመሥርቶ ሲሰጥ ቆይቷል። ሆኖም ተማሪዎች እሴቶቹን ለፈተና ቢያጠኑም በባሕርያቸው ላይ የሚጠበቀው ለውጥ አልታየም የሚል ትችት በተደጋጋሚ ይነሣ ነበር።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የግብረ ገብ ትምህርት፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ የዜግነት ትምህርት እንዲሰጥ ተደርጓል። የግብረ ገብ ትምህርት የሃይማኖት ትምህርት አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከቶችና ከባህላዊ ተጽዕኖዎች ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለሆነም ትምህርቱ የሁሉም ቤተሰብ ልጆች በሚጋሯቸው እሴቶች ላይ ያተኩራል።

አምስቱ መሠረታዊ ክህሎቶች

በዘርፉ በስፋት በሚሠራበት አከፋፈል መሠረት ማኅበራዊና ስሜታዊ ክህሎቶች በአምስት ይመደባሉ።

1. ራስን ማወቅ፦ ተማሪው የሚሰማውን ስሜት ለይቶ መጥራት መቻሉ ነው። «ተናድጃለሁ» ወይም «ፈርቻለሁ» ብሎ መናገር የሚችል ልጅ ስሜቱን በጠብ የመግለጽ ዕድሉ ይቀንሳል።

2. ራስን መግዛት፦ የተቆጣ ተማሪ እጁን ከመሰንዘሩ በፊት ቆም ብሎ ማሰቡ፣ ዝቅተኛ ውጤት ያገኘም ተስፋ ሳይቆርጥ እንደገና ማጥናቱ የዚህ ክህሎት መገለጫዎች ናቸው።

3. የሌላውን ስሜት መረዳት፦ አዲስ የመጣን ተማሪ በአነጋገሩ ወይም በአለባበሱ ከማፌዝ ይልቅ ያለፈበትን ችግር ማገናዘብና አብሮ ማስቀመጥን ይጠይቃል።

4. መልካም ግንኙነት መመሥረት፦ ማዳመጥን፣ በቡድን መሥራትን፣ ይቅርታ መጠየቅንና አለመግባባትን በውይይት መፍታትን ያጠቃልላል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ የተጣሉ ተማሪዎች የጠቡን መነሻ በየተራ እንዲያስረዱ ማድረግ አንዱ መንገድ ነው።

5. ኃላፊነት የተሞላበት ውሳኔ መስጠት፦ ጓደኞቹ ከትምህርት ቀርተው ጣና ለዋና እንዲሄዱ የሚገፋፉት ልጅ አደጋውን አመዛዝኖ እምቢ ማለት መቻሉ ለዚህ ምሳሌ ነው።

ትምህርቱ የሚሰጥበት መንገድ

እነዚህ ክህሎቶች በቃል በማጥናት አይገኙም፤ በተደጋጋሚ ልምምድ ይዳብራሉ። በመሆኑም የግብረ ገብ መምህሩ ብቻ ሳይሆን ሁሉም መምህራን ድርሻ አላቸው። ለምሳሌ በአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ በጣና ሐይቅ ላይ ስለተስፋፋው እምቦጭ የሚማሩ ተማሪዎች ሥራ ተከፋፍለው በቡድን ሲያጠኑ ትብብርንና ለአካባቢ መቆርቆርን አብረው ይማራሉ። ክበባት፣ ሚኒ ሚዲያና የስፖርት ውድድሮችም ሌሎች የመለማመጃ መድረኮች ናቸው።

ከሁሉም በላይ ተማሪዎች የሚማሩት ከሚያዩት ነው። ስለ መከባበር እየተነገረው በአርጩሜ የሚገረፍ ልጅ መከባበርን ሊማር አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤትም ሆነ በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም ውስጥ አካሉን ከሚጎዳ ወይም ጭካኔ ከተሞላበት ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ ማለት ጥፋት በዝምታ ይታለፋል ማለት አይደለም፤ ጥፋተኛው ያደረሰውን ጉዳት እንዲረዳ፣ ይቅርታ እንዲጠይቅና የሚቻለውን እንዲክስ ይደረጋል።

የወላጆች ድርሻ

• ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስለ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር እንደዋለ፣ ምን እንዳስደሰተውና ምን እንዳስከፋው ይጠይቁ።
• በልጆች ፊት አለመግባባትን በስድብ ሳይሆን በመነጋገር መፍታትን ያሳዩ።
• ለልጁ በዕድሜው ልክ የቤት ውስጥ ኃላፊነት ይስጡ፤ ሲፈጽም ያመስግኑ።
• ግጭትን ወይም መፈናቀልን ያየ ልጅ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ በትንሽ ድምፅ ከደነገጠ ወይም ከትምህርት ቤት ከሸሸ «ባለጌ» ወይም «ሰነፍ» ከማለት ይቆጠቡ። ጉዳዩን ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ያሳውቁ፤ ምልክቶቹ ካልቀነሱ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት።

ጥያቄ ወይም ቅሬታ ሲኖር

ወላጆች ስለ ልጃቸው ባሕርይ ወይም አያያዝ መጀመሪያ የክፍል ኃላፊ መምህሩን፣ ቀጥሎም ርእሰ መምህሩን ማነጋገር ይችላሉ። ጉዳዩ በዚህ ካልተፈታ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት፣ ከዚያም ደረጃውን ጠብቆ ለክፍለ ከተማው፣ ለከተማ አስተዳደሩና ለክልሉ የትምህርት መዋቅር ማቅረብ ይቻላል። ቅሬታው የተፈጸመውን ድርጊት፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የሚጠየቀውን መፍትሔ በግልጽ ቢይዝ ጉዳዩን ለማጣራት ይረዳል። በልጁ ላይ የአካል ጉዳት ወይም ጥቃት ከደረሰ ግን ይህን ቅደም ተከተል መጠበቅ አያስፈልግም፤ ልጁን ወዲያውኑ ወደ ሕክምና መውሰድና ለፖሊስ ማመልከት ይገባል።

መልካም ባሕርይ በቤትና በትምህርት ቤት ተመሳሳይ ነገር ሲያይና ሲሰማ በሚያድግ ልጅ ላይ ይጸናል። ስለሆነም ወላጆች ለውጤት ካርድ ብቻ ሳይሆን ስለ ልጆቻቸው አስተዳደግ ለመመካከርም ወደ ትምህርት ቤት እንዲመጡ ጥሪ እናቀርባለን።